ጥርሴና ፍርሃቴ

ሰው የሚፈራውን ነገር ሲዘረዝር አውሬን፣ ጨለማንና ሞትን ያስቀድማል። «የጥርስ ሐኪም እፈራለሁ» ብሎ በሰው ፊት የሚናገር ግን ጥቂት ነው፤ ነገሩ ለአዋቂ የሚያሳፍር ይመስላልና። እኔም ይህን ፍርሃቴን ሠላሳ ሁለት ዓመት ያህል ደብቄ ኖሬአለሁ። ጓደኞቼ ስለ ጥርስ ሕመም ሲያወሩ ወሬውን አስለውጥ ነበር። ድዴ ሲያብጥ «ብርድ መቶኝ ነው» እል ነበር። መንገድ ላይ ስሄድ እንኳ የጥርስ ሥዕል የተሣለበት ሰሌዳ ካየሁ ወደ ማዶ እሻገር ነበር። ይህ ሁሉ ከየት እንደ መጣ ግን ጠፍቶኝ አያውቅም። ፍርሃቱ የተወለደበትን ቀን፣ የዕለቱን አየርና የክፍሉን ሽታ ሳይቀር አስታውሳለሁ።

ዘመኑ 1974 ዓ.ም. ነበር። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ የምንኖረውም ወሎ ውስጥ፣ ከደሴ በስተሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሐይቅ ከተማ ነበር። አባቴ በልብስ ስፌት የሚተዳደሩ፣ ንግግራቸው ጥቂት፣ ቃላቸው ግን የታመነ ሰው ነበሩ። «ለማክሰኞ ይደርሳል» ያሉት ልብስ ለማክሰኞ ይደርሳል። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ያውቅላቸዋል፤ እኔም ልጃቸው በዚህ እኮራ ነበር።

በዚያ ዓመት፣ በበጋው ወራት፣ በታችኛው መንጋጋዬ በስተቀኝ በኩል ያለው ጥርስ ያመኝ ጀመር። እናቴ በመጀመሪያው ሌሊት ቅርንፉድ አደቀቀችና በጥጥ አድርጋ ከጥርሴ ላይ አኖረችልኝ። ጥቂት አስታገሠልኝ። (ቅርንፉድ በውስጡ የሚያደነዝዝ ዘይት እንዳለበት፣ የጥርስ ሐኪሞችም ይህንኑ ዘይት ለሥራቸው ሲጠቀሙበት እንደ ኖሩ ያነበብሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እናቴ መጽሐፍ ሳታነብ ታውቀው ነበር።) በሁለተኛው ሌሊት ነጭ ሽንኩርት፣ በሦስተኛው የጨው ውኃ ተሞከረ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጉንጬ ተነፍቶ ዓይኔን ሊደፍነው ደረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲባልልኝ እፈልጋለሁ። ጥርስ መውለቅ ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። የፊት ጥርሶቼን እኔው ራሴ በምላሴ እየነቀነቅሁ፣ በክር እያሰርሁ አውልቄአቸዋለሁ። የወለቀውንም ወደ ቤታችን ጣሪያ ወርውሬ አዲስ ጥርስ ለምኛለሁ። ደም ባይ አልደነግጥም፤ እንዲያውም ለእኩዮቼ አፌን ከፍቼ እያሳየሁ እጀነንበት ነበር። ስለዚህ በዚያን ቀን ልቤን የሰበረው የጥርሱ መነቀል ብቻ አልነበረም።

በዚያው ዕለት ማታ አባቴ ከሥራ ሲመለሱ አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ «ነገ አብረን ደሴ እንሄዳለን፤ ሸራ ጫማ እገዛልሃለሁ» አሉኝ። ሕመሜን ረሳሁት። ሸራ ጫማ ከክፍላችን ልጆች መካከል የነበራቸው ሦስት ብቻ ነበሩ። ሌሊቱን ግማሹን በሕመም፣ ግማሹን በደስታ ሳልተኛ አነጋሁት። ጠዋት አውቶቡስ ላይ በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ፣ ጫማው ሰማያዊ ይሁን ነጭ እያልሁ ስመርጥ አባቴ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ዝምታቸው ልማዳቸው ስለ ነበረ አልጠረጠርሁም።

ደሴ እንደ ደረስን ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ጥቂት ከሄድን በኋላ ድንገት ወደ አንድ የብረት በር ታጠፍን። የመድኃኒት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። በረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ጉንጫቸውን በነጠላ የጠቀለሉ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ከተዘጋው በር ውስጥ የልጅ ጩኸት ይሰማል። «አባባ፣ ጫማው የሚሸጠው እዚህ ነው?» አልኋቸው። አባቴ መሬት መሬቱን እያዩ፣ «አሁን እንጨርሳለን» አሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ።

የክፍሉን ውስጥ ሳስበው ቀድሞ የሚመጣብኝ በነጭ ጨርቅ ላይ የተደረደሩት ብረቶች ብልጭታ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰው ወደ አፌ እንጂ ወደ ዓይኔ አልተመለከተም። አባቴን፣ «እርስዎ ውጭ ይጠብቁ» አላቸው። አባቴ ወጡ። ስጠራቸው ዘወር አላሉም። ሁለት ሰዎች መጥተው አንዱ ትከሻዬን፣ ሌላው እግሮቼን ያዙ። «አፍህን ክፈት! ትልቅ ልጅ አይደለህም እንዴ?» ተባልሁ። መርፌው ገባ። «አያምህም» ብሎኝ ነበር፤ አመመኝ። ጥቂት ቆይቶ ከንፈሬ የእኔ አልመስል ሲለኝ፣ «አሁን ምንም አይሰማህም» አለኝ። እኔ ግን ሁሉም ነገር ይሰማኝ ነበር፤ ብረቱ ጥርሴን ሲጨብጠው፣ መንጋጋዬ ወደ ታች ሲጫን፣ ከራስ ቅሌ ውስጥ እንጨት የሚሰነጠቅ የሚመስል ድምፅ ሲወጣ። ሰውየው እጁን ሲመልስ ጣቱን ነከስሁት። እርሱም በጥፊ መታኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በሚገባ አላስታውስም፤ ጥርሱ ግን ወጣ።

አፌ በጥጥ ተሞልቶ ስወጣ አባቴ በበሩ አጠገብ አልነበሩም። ግቢውን አቋርጬ ወደ ውጭው በር ስደርስ፣ ከግንቡ ጥግ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው አገኘኋቸው። ጥለውኝ ሊሄዱ ነበር ብዬ አሰብሁ። የልጅ አሳብ ነው፤ ሆኖም ለብዙ ዓመታት ይህን አሳብ ከልቤ ማውጣት አልተቻለኝም።

ጫማው በዚያው ዕለት ተገዛ። ሰማያዊ ነበር። እኔ ግን አላደረግሁትም። እናቴ ተቆጣችኝ፤ አያቴ «ይህ ልጅ ምን ያለ እልከኛ ነው!» አለች። አባቴ ምንም አላሉም። ጫማው ለታናሽ ወንድሜ እስኪሆነው ድረስ ከአልጋ ሥር ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ወዲህ አባቴ «ተነሥ እንሂድ» ሲሉኝ፣ «ወዴት?» ሳልል መነሣት ተሳነኝ። የእርሳቸውን ቃል አገር ሁሉ ያምነዋል፤ የማላምነው እኔ ብቻ ሆንሁ።

ይህ በእኔ ላይ ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም። በየቤታችን ልጅ ሲያስቸግር፣ «ዝም ካላልህ ሐኪም ይወጋሃል» ይባላል። መርፌ ለፈውስ የተሠራ መሆኑ ቀርቶ የቅጣት መሣሪያ ይሆናል። ያ ልጅ በታመመ ጊዜ ግን እናቱ አቅፋ የምትወስደው ወደዚያው ወደ ተፈራው ሰው ነው። ልጁ ምን ብሎ ያስብ? አጥፍቶ የሚቀጣ መስሎት «ሁለተኛ አልለምደኝም!» እያለ ሲያለቅስ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚህም በላይ ገና ጥርስ ሳያወጡ ድዳቸው ተተርትሮ «ግግ» የወጣላቸው ሕፃናት በአገራችን ብዙ ናቸው። ለትኩሳትና ለተቅማጥ መድኃኒት ነው ተብሎ የሚደረገው ይህ ልማድ ለበሽታ ከማጋለጥና ሊበቅል ያለውን ጥርስ ከማበላሸት በቀር የሚሰጠው ፈውስ የለም። እንግዲህ አንዳንዱ ልጅ በአፉ የሚገባን ብረት መፍራት የሚጀምረው ከማስታወሻው በፊት ነው ማለት ነው።

ጥርስን ያለ ሕመም ለመንቀል የተደረገው ጥረት ራሱ የቆየ ታሪክ አለው። ሆራስ ዌልስ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1844 «የሚያስቅ ጋዝ» የሚባለውን አየር ስቦ የራሱን ጥርስ አስነቀለ፤ ሕመምም አልተሰማውም። በተከታዩ ዓመት ቦስተን ውስጥ በሰዎች ፊት ይህንኑ ሲያሳይ ግን ሕመምተኛው ጮኸ፤ ተመልካቹም ዌልስን አፌዘበት። ባልደረባው የነበረው ዊልያም ሞርተን እ.ኤ.አ. በ1846 በዚያችው ከተማ በኤተር አማካይነት ሙከራው እንዲሳካ አደረገ። ሰው ሳይተኛ የታመመው ስፍራ ብቻ የሚደነዝዝበት ዘዴ የተጀመረው ካርል ኮለር የተባለው የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1884 ካደረገው ሙከራ ወዲህ ነው። ዛሬ በብዙ የጥርስ ሐኪም ቤቶች የሚሠራበት ሊዶካይን እ.ኤ.አ. በ1943 በስዊድን አገር ተቀመመ። እኔ በ1974 ዓ.ም. የተወጋሁት መድኃኒት ምን እንደ ነበረ አላውቅም፤ ማደንዘዣ ግን ተሰጥቶኛል። ታዲያ ስለ ምን አመመኝ?

ይህን ጥያቄ ለብዙ ዘመን ስጠይቅ ቆይቼ መልሱን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ፣ መግል የቋጠረ ስፍራ አሲድነቱ ከፍ ስለሚል ማደንዘዣ እንደሚገባ አይሠራበትም። እኔ የተወሰድሁት ጉንጬ ካበጠ በኋላ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ማደንዘዣ የሚያጠፋው የሕመምን ስሜት እንጂ የግፊትን ስሜት አይደለም። ጥርስ ሲነቀል መንጋጋ ይጫናል፣ ድምፁም በአጥንት በኩል ወደ ጆሮ ይደርሳል። «ምንም አይሰማህም» የተባለ ልጅ ግፊቱ ሲሰማው «ዋሽተውኛል፤ መድኃኒቱ አልሠራም፤ ሕመሙ ሊመጣ ነው» ብሎ ይደመድማል። «ግፊት ይሰማሃል፤ ሕመም ግን ላይኖረው ይችላል» የተባለ ልጅ ያንኑ ግፊት በሌላ መንገድ ይቀበለዋል። የፈራ ሰው ልቡ ይመታል፣ ጡንቻው ይገተራል፣ ትንሿም መውጋት ትልቅ ሆና ትሰማዋለች። በዚህ ላይ የሰውየውን አቀማመጥ ማሰብ ነው። ተንጋሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ መናገር ሳይችል፣ የሚደረግበትን ሳያይ፣ ምራቁን እንኳ በወጉ ሳይውጥ ይቆያል። አዋቂን የሚያስጨንቅ ነው፤ ለልጅማ!

ክፋቱ ደግሞ ነገሩ እየዞረ መምጣቱ ነው። የፈራ ልጅ ሕመሙን ይደብቃል። በደበቀ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል፤ ጣፋጭ ምግብ ከጥርስ ላይ ሲቀር ተሐዋስያን ወደ አሲድነት እየለወጡት ጠንካራውን ነጭ ሽፋን ይበሉታል፤ ከዚያም ነርቭና የደም ሥር ወደሚገኝበት ወደ ውስጠኛው ክፍል ይዘልቃሉ። በመጨረሻ ልጁ መግል ከያዘ በኋላ እየተጎተተ ይሄዳል። ማደንዘዣው በሚገባ አይሠራለትም። ያመዋል። በሚቀጥለው ጊዜ የበለጠ ይፈራል። በትንሽ ሙሌት ሊድን የሚችል ጥርስ በጉጠት ይነቀላል። እኔ በዚህ አዙሪት ውስጥ ሦስት ጥርስ አጥቻለሁ።

በውጭ አገርም ቢሆን የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች ሁልጊዜ በርኅራኄ ይሠሩ ነበር ማለት አይቻልም። የሚጮኽን ልጅ ዝም እስኪል ድረስ አፉን በእጅ መሸፈን እንደ ተፈቀደ ዘዴ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ሲጻፍና ሲሠራበት ቆይቷል። የአሜሪካ የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ይህን ዘዴ ከመመሪያው ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን አድልስተን የተባሉ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1959 አንድ ቀላል ሥርዓት በጽሑፍ አቅርበው ነበር። የሚሠራውን ለልጁ ንገረው፤ መሣሪያውን አሳየው፤ ከዚያም እንደ ነገርኸውና እንዳሳየኸው ሥራ። ለአፍ ቀላል ነው። ሥራ ላይ ሲውል ያየሁት በ2006 ዓ.ም. ሲሆን፣ የታመመችውም የገዛ ልጄ ነበረች።

ልጄ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ የምንኖረውም አዲስ አበባ ነው። አንድ ሌሊት ጉንጭዋን ይዛ ስታለቅስ አገኘናት። ባለቤቴ፣ «ነገ ውሰዳት፤ እኔ ሥራ አለብኝ» አለችኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት ልጄን ቀስቅሼ ልብስዋን ሳለብሳት፣ «የኔ ቆንጆ፣ ዛሬ አይስክሬም እጋብዝሻለሁ» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። አስቤበት የተናገርሁት አልነበረም። ልጄ ሕመሟን ረስታ ዘለለች። እኔም በአውቶቡስ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ጫማ የሚመርጠውን ልጅ አየሁት።

ያም ሆኖ ወዲያው አላረምሁትም። እውነቱን ለመናገር ደፋር አልነበርሁም። ታክሲ ውስጥ ገብተን ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ ነው፣ «አይስክሬም ቤት አይደለም የምንሄደው፤ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ነው፤ ቅድም ዋሽቼሻለሁ» ያልኋት። «ያማል?» አለችኝ። «አላውቅም። ትንሽ ሊያም ይችላል። እኔ ግን ከክፍሉ አልወጣም» አልሁ። በታክሲው ውስጥ እሪ አለች። ከጎናችን የተቀመጡ አንዲት እናት ተቆጡኝ፤ «ምነው ልጄ! ሕፃኒቱን እንዲህ ታስፈራራታለህ? አይዞሽ፣ ምንም አያምም በላት እንጂ» አሉ። ለሳቸው የምመልሰው አልነበረኝም። ንግግራቸው የደግነት ነበር፤ የአባቴም እንዲሁ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። እኔን ሰላም ካለች በኋላ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ከልጄ ፊት ጋር እኩል አደረገች፤ ስሟን ጠየቀቻት። ከዚያም ትንሿን መስተዋት ሰጠቻትና ጥርሶችዋን አብረው ቈጠሩ። የሚሽከረከረውን መጥረጊያ በመጀመሪያ በራሷ ጥፍር ላይ፣ ቀጥላ በልጄ ጥፍር ላይ አስነካችው። ልጄ «ይኮረኩራል» አለች። ሐኪሟም፣ «እጅሽን ባነሣሽ ጊዜ ሁሉ እኔ አቆማለሁ፤ ቃል ገብቼልሻለሁ» አለቻት።

ልጄ እጅዋን አነሣች። ሐኪሟ አቆመች። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና አነሣች። አምስት ጊዜ ያህል ያለ ምንም ምክንያት እጅዋን አነሣች። አምስቱንም ጊዜ ሥራው ቆመ። ውጭ ብዙ ሰው ወረፋ ይጠብቅ ስለ ነበር እኔ በሐኪሟ ምትክ ትዕግሥቴ ያልቅ ጀመር። ነገር ግን ልጄ ስትቀልድ አልነበረም፤ ቃሉን እየመረመረችው ነበር። አባትዋ በዚያው ጠዋት ዋሽቷታልና መብት ነበራት።

በዚያን ቀን ጥርሱ ተጸዳና የሕመም ማስታገሻ ተሰጣት እንጂ ሌላ ሥራ አልተሠራም። ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስን። ሐኪሟ መርፌውን ከመውጋቷ በፊት ድድዋን የሚቀባ ማደንዘዣ ቀባቻት። «አሁን እንደ ቁንጥጫ ያለ ነገር ይሰማሻል፤ እስከ ዐሥር እቈጥራለሁ» አለቻት። ልጄ አለቀሰች። አልጮኸችም፤ አልተያዘችም፤ እንባዋ በጉንጭዋ እየወረደ አፏን ከፍታ ቆየች። ሐኪሟ ቀና ብላ ወደ እኔ ተመለከተችና ቀስ ብላ፣ «እባክዎ ትንፋሽዎን ያውጡ፤ እጅዎ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ እርሷም ይሰማታል» አለችኝ። የልጄን እጅ ይዤ ነበር። እኔ ያዝኋት እንዳልል፣ የያዘችኝ እርሷ ነበረች።

ሥራው ካለቀ በኋላ ሐኪሟ የተሞላው ጥርስ የወተት ጥርስ መሆኑን፣ ይወልቃል ተብሎ ቢተው ግን ለሚተካው ጥርስ ስፍራ እንደሚያጣብብ ነገረችኝ። ቀጥላም ከበስተኋላው ያለውን አንድ ሰፊ ጥርስ አሳየችኝ። «ይህኛው ደግሞ በስድስት ዓመት ገደማ ይወጣል። ከወተት ጥርሶች በስተኋላ ያለ አንድም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚወጣ ብዙ ወላጆች የወተት ጥርስ ይመስላቸዋል። የዕድሜ ልክ ጥርስ ነው፤ ከተነቀለ አይተካም» አለችኝ። ሳላስበው ምላሴን በታችኛው መንጋጋዬ በስተቀኝ በኩል ወዳለው ክፍት ስፍራ ሰደድሁ። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ «የወተት ጥርስ ነው፤ ይተካል» ተብሎ የተነቀለው ያ ነበር።

እኔ ራሴ ከዚያ በኋላ ለሌላ ጥርሴ ቀጠሮ ያዝሁ። ሦስት ጊዜ ሳልሄድ ቀረሁ፤ በአራተኛው ሄድሁ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ የምናገረው የለኝም፤ ፈርቼ ነበር፣ አሁንም እፈራለሁ።

በሚቀጥለው ጥምቀት ልጄን ይዤ አባቴን ለመጠየቅ ወደ ሐይቅ ሄድሁ። አባቴ አርጅተዋል፤ በአፋቸው የቀሩት ጥርሶች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ልጄ ከአያትዋ ጉልበት ላይ ሆና አፏን ከፍታ የተሞላውን ጥርስ አሳየቻቸው። መስተዋቱን፣ ጥፍሯን የኮረኮራትን መጥረጊያ፣ እጅዋን ስታነሣ ሥራው መቆሙን አንድ በአንድ ተረከችላቸው። «አባዬ መጀመሪያ ዋሽቶኝ ነበር፤ በኋላ ግን ነገረኝ» አለች። አባቴ ዝም ብለው አዳመጡ። ልጅቱ ወደ ግቢ ከወጣች በኋላም ብዙ ዝም አሉ።

በመጨረሻ፣ «ያን ቀን ከበሩ የራቅሁት ጩኸትህን መስማት አቅቶኝ ነው» አሉኝ።

እኔ ምንም አልተናገርሁም። እርሳቸውም ወጣት ሳሉ የታመመ ጥርሳቸውን አንድ ብረት ቀጥቃጭ በጉጠት እንደ ነቀለላቸው፣ አራት ሰዎች እንደ ያዟቸው፣ ጥርሱ ተሰብሮ ሥሩ ድዳቸው ውስጥ እንደ ቀረና ሁለት ወር ሙሉ እንደ ተሠቃዩ አጫወቱኝ። ይህን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር። «ሐኪም ቤት ግን ሌላ መስሎኝ ነበር። ነጭ የለበሰ ሰው ካየሁ ሌላ መስሎኝ ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «እውነቱን ነግሬህ ቢሆን ኖሮ አውቶቡሱ ላይ ትወጣ ነበርን?» ብለው ጠየቁኝ።

ጥቂት አሰብሁ። «አልወጣም ነበር» አልሁ።

«እንግዲያስ» አሉ አባቴ። ከዚያም እንደገና ዝም አሉ። ጉንጬ እንደዚያ አብጦ ሳለ ባይወስዱኝ ኖሮ መግሉ የት ሊደርስ እንደሚችል አሁን አውቃለሁ፤ እርሳቸውም ያን ጊዜ በአንዳች መንገድ ሳያውቁት አልቀሩም። የሚያውቁት መንገድ ግን አንድ ብቻ ነበር።

ልጄ ከግቢ ተመልሳ ስትገባ አባቴ፣ «ጫማውን ግን ስለ ምን አላደረግኸውም? ገንዘቡን ለሁለት ወር አጠራቅሜው ነበር» አሉኝ።

መልስ ስፈልግ ልጄ ከመካከላችን ገባችና፣ «የምን ጫማ?» አለች። አባቴ ወደ እኔ ተመለከቱ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁላቸው። እርሳቸውም ከጉልበታቸው ላይ አስቀመጧትና፣ ከአውቶቡሱ ጀምረው፣ ይነግሯት ጀመር።